የኦድሪ አባት ያልተናገረው

በትንሿ የኪምባ ከተማ ዙሪያ በስንዴ እርሻዎቹ መሀል የሚያልፈው ጥርጊያ መንገድ ሁሉ የኬልቪን ሊንድነር እጅ ያለፈበት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የወረዳው ምክር ቤት መንገድ የሚደለድልበት ግሬደር ሹፌር ሆኖ ሠርቷል። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ሲሸበሸብ ገበሬዎቹ ቢሮውን ትተው በቀጥታ ለእሱ ይደውላሉ፤ እሱም «እሺ» ይልና በሳምንቱ ይደርስላቸዋል። ከ«እሺ» በላይ ብዙም አይናገርም። መጠጥ ቤት ውስጥ ሲቀልዱበት፣ «ለኬል በዓመት የሚመደብለት መቶ ቃል ነው፤ ሰማንያውን በእግር ኳስ ወቅት ይጨርሰዋል» ይሉ ነበር። ይስቃል እንጂ አይመልስላቸውም።

ሚስቱ ሜሬዲት በአረጋውያን መጦሪያው ትሠራለች፤ የሁለቱንም ድርሻ የምታወራው እሷ ናት። ዘግይታ የመጣች አንድ ልጅ አለቻቸው። ስትወለድ ወንድ ነው ተብሎ ነበር፤ የወንድ ስም ወጥቶላት፣ ወንድ ተብላ ነው ያደገችው። ዛሬ ኬልቪን ስለ ሕፃንነቷ ሲያወራ እንኳ «እሷ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ላይ ግን ምላሱ አልታዘዝ ብሎት ብዙ ተቸግሯል። እኛም እሱ በሚጠራት እንጠራታለን።

ልጅቷ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ነገሩ ጀመረ። በመጀመሪያ እግር ኳሱን ተወችው። ቀጥሎ ጓደኞቿን፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን። የመታጠቢያ ቤቱን መስተዋት ፎጣ ሸፈነችበት። የከተማው ሐኪም፣ ዕድሜው ነው፣ ያልፋል አላቸው። አላለፈም። አሥራ አምስት ሲሞላት ወደ ጥርስ ሐኪም ሲሄዱ መኪና ውስጥ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ ለእናቷ ነገረቻት። ወንድ እንዳልሆነች፣ ይህንንም ካወቀችው ብዙ ጊዜ እንደሆነ፣ ሰውነቷ በየወሩ እየራቃት እንደሆነ።

ሜሬዲት ለኬልቪን የነገረችው የውሃ ታንከሩን ማጣሪያ ሲያጥብ ነው። ሰምቶ ሲጨርስ «እሺ» አለ። ማጣሪያውን መልሶ ገጠመው። ከዚያ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብሎ ጠየቃት። ቃል አጥታ የማታውቀው ሜሬዲት «አላውቅም» አለችው። ኬልቪን ኋላ ሲያስበው የፈራው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ስለነገረቻቸው ነገር አይደለም የፈራው፤ ሚስቱ አላውቅም ስላለች ነው።

የግዛቱ ዋና ከተማ አዴሌድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን ለሚያክም ክሊኒክ ደብዳቤ ተጻፈ። ተራው እስኪደርስ ሃያ ሁለት ወር ጠበቁ። በእነዚያ ወራት ልጅቷ በሳምንት አንድ ቀን በኮምፒውተር ከአማካሪ ጋር ታወራለች፤ የቀረውን ቀን ትተኛለች። ኬልቪን ከሥራ ሲመለስ በሯን ሁለቴ ያንኳኳል። «አለሁ» ትለዋለች። «እሺ» ይላል።

ተራው ደርሶ ሲሄዱ ያገኟቸው ዶክተር ሩዋኒ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ቸኩለው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ከልጅቷም ከወላጆቿም ጋር ለየብቻም አብረውም ደጋግመው ተነጋገሩ። የሴት ሆርሞን ሊጀምሩላት ሲወሰን ስምምነቱን መስመር በመስመር አነበቡላቸው፤ የሚታወቀውን ጉዳቱን፣ ልጅ መውለድን ሊነካ እንደሚችል፣ ገና በጥናት ያልተረጋገጠውን። ብዙዎቹ ወጣቶች ስሜታቸው እንደሚሻሻል፣ የሁሉም ግን እንደማይሻሻል፣ ለማን ምን ያህል እንደሚረዳ አስቀድሞ መናገር እንደማይቻል አልደበቁም። ኬልቪን «ብዙዎቹ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ወጣ።

የመጀመሪያው ዓመት ያቺን ቃል ያከበረ መሰለው። ልጅቷ ፎጣውን ከመስተዋቱ ላይ አነሳችው። ገላዋን ስትታጠብ መዝፈን ጀመረች፤ ድምጿ አያምርም፣ ኬልቪን ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይሰማት ነበር። ስሟን ኦድሪ አለችው፤ የኬልቪን እናት ስም ነው። ስትነግረው አንዴ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ውሾቹን አበላለሁ ብሎ ወጣ። ውሾቹ ከበሉ ሰዓት አልሞላቸውም ነበር።

በዳቦ ቤቱ ሥራ አገኘች። አንድ ቅዳሜ መጠጥ ቤት ውስጥ ሬክስ የሚባለው ስንዴ ገበሬ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ኬል፣ ልጅህ ቀሚስ ለብሳ ዳቦ ሸጠችልኝ። አንተስ መቼ ነው የምትለብሰው?»

ኬልቪን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ዳቦውን በላኸው?»

«በላሁት።»

«ጣፈጠህ?»

«እሱስ ጣፍጦኛል።»

«እንግዲያው አፍህ ሥራ ይዟል ማለት ነው፤ ሌላ አትጨምርበት።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሬክስም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳበትም። ኬልቪን ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ የሆነ ከባድ ነገር ከትከሻው የወረደ መሰለው። አለቀ ብሎ አሰበ። ልጄ ታማ ነበር፣ መድኃኒቱ ተገኘ፣ ዳነች።

በሁለተኛው ክረምት ኦድሪ ከዳቦ ቤቱ አንድ ቀን ቀረች፤ ከዚያ ሦስት ቀን፤ ከዚያ ጨርሳ ተወችው። መጋረጃዋ ተዘግቶ መዋል ጀመረ። ፀጉሯን ማበጠር ተወች። ሜሬዲት ትለማመጣለች፣ ትቆጣለች፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ኬልቪን ሻይና የተጠበሰ ዳቦ እያደረሰ የትናንቱን እንደ ነበር ይመልሳል። አንድ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መድኃኒቱ ነው?»

«አይደለም።»

«ማቆም ፈልገሽ እንደሆነ ማንም አይቆጣሽም።»

ዓይኗን ገለጠች። «አባዬ፣ እሱን ብትወስዱብኝ ምንም አይተርፈኝም። ደህና የሆነልኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሰውነቴ የኔ ሆኗል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም። ሰውነቴ የኔ ሆኖም ይከፋኛል። ሁለቱም አንድ ላይ።»

ኬልቪን ሻዩን አንስቶ ወጣ። «ሁለቱም አንድ ላይ» የሚለውን ቀኑን ሙሉ ግሬደሩ ላይ ሲያመነዥገው ዋለ። ሰው እንዳይጠይቅ ደግሞ ሁሉም የየራሱ መልስ ነበረው። ታላቅ እህቱ ግሌኒስ ከፖርት ሊንከን በየእሁዱ ትደውላለች። ያንን መርዝ ስላጠጣችኋት ነው፣ እኔ ብዬ ነበር፣ ጤነኛ ልጅ አበላሻችሁ ትለዋለች። በሌላ በኩል ፓውላ አለች፤ የእሷም ልጅ እዚያው ክሊኒክ ይታከማል፤ እንደነሱ ያሉ ወላጆችን ስልክ ላይ የምታሰባስብ ደግ ሴት ናት። ኦድሪ እንደገና መተኛት መጀመሯን ሲነግራት፣ ይህን ለሰው ሁሉ ባያወራ እንደሚሻል በለሆሳስ መከረችው። ህክምናው እንዲዘጋ የሚፈልጉ ሰዎች እንዲህ ያለ ወሬ ነው የሚፈልጉት አለችው። አንዷ የልጁን ኀዘን ልታውለበልበው ትፈልጋለች፤ ሌላዋ ልትሸፍነው። ኀዘኑ ራሱ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ተኝቷል፣ ጠያቂም የለው።

በነሐሴ የክሊኒኩ ቀጠሮ ደረሰ። ሜሬዲት ፈቃድ ስላላገኘች ኬልቪንና ኦድሪ ብቻቸውን ሄዱ። አምስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ፖርት ኦገስታ ላይ ነዳጅ ሲቀዳ ኦድሪ መኪናው ውስጥ ፊቷን ስትቀባ አየ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መቀባቷ ስለሆነ ደስ አለው።

ክሊኒኩ ከቀጠሮ በፊት ለእያንዳንዱ ታካሚ ታብሌት ይሰጣል፤ ስለ ስሜታቸው የሚጠይቅ መጠይቅ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሽ ያውቃል? እንቅልፍ አጥተሽስ? ባልኖርኩ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ለእያንዳንዱ አራት መልስ ይሰጣል፤ «በፍጹም» ከሚለው ጀምሮ «በየቀኑ» እስከሚለው። ኬልቪን ሆን ብሎ አልነበረም ያየው፤ ወንበሮቹ ተጠጋግተዋል። የልጁ ጣት «በፍጹም»ን ነካ። ቀጠለ፤ «በፍጹም»። እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ አላመነታም። ታብሌቱን መልሳ ለእንግዳ ተቀባይዋ ስታስረክብ ፈገግ ብላ አመሰገነቻት። ዶክተሯ ዘንድም ገብታ ዳቦ ቤቱን የተወችው ለፈተና ለመዘጋጀት እንደሆነ ነገረቻቸው። ኬልቪን አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል። ዶክተር ሩዋኒ «አቶ ሊንድነር፣ እርስዎ የሚጨምሩት አለ?» አሉት። ኦድሪ አልዞረችም፤ እጇን ግን ጨበጠች። «የለም» አለ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ቁልፉን አስገብቶ ሳያስነሳው ቆየ።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ይቆጥሩታል፣ አባዬ።»

«ምኑን?»

«መልሳችንን። የሁላችንንም ይደምሩና ህክምናው ይሠራል ወይ አይሠራም ይላሉ። በሌላ ግዛት መንግሥት አዲስ ልጆች መቀበል አቁሟል። እዚህም የኔን ቁጥር አይተው፣ ‘ይኸው፣ ከዓመት በላይ ወስዳም ተኝታለች’ ቢሉስ? የኔንም ይወስዱብኛል፤ ተራ የሚጠብቁትም ይቀርባቸዋል። እኔ ሃያ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። አስታውሰዋለሁ።»

«እንደዛ አያደርጉም።»

«በምን አወቅክ?»

አላወቀም። እሷም እንዳላወቀ አየች። ከዚያ ለማንም፣ ለእናቷም ጭምር፣ እንዳይናገር ቃል እንዲገባላት ለመነችው። ሕፃን ሳለች እንኳ ለምና የማታውቅ ልጅ ናት። «እሺ» አላት። በሕይወቱ ስንቴ «እሺ» ብሏል፤ እንደዚያችኛዋ ግን የከበደችው የለችም።

ቃሉን ጠበቀ። በመስከረም ጠበቀ፣ በጥቅምት ጠበቀ። ዶክተሯን ልደውልላቸው ብሎ ስልኩን አንስቶ የሚያስቀምጥበት ቀን ነበር። ብነግራቸው ልጄ ከእንግዲህ እውነቷን ለማንም አታወራም፤ ባልነግራቸው የሚያውቅ የለም። እንዲህና እንዲያ እያለ ሲያመነታ የመከር ጊዜ መጣ።

ኮምባይነሮቹ በየእርሻው ሲንቀሳቀሱ፣ የእህል መኪኖች መንገዱን ሲያደቅቁት፣ ኬልቪን ከቤቱ ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ሜሬዲት በሬዲዮ አስጠራችው። ኦድሪ እናቷ ሥራ ቦታ ደውላ «እማዬ፣ አሁን ብቻዬን መሆን የለብኝም፤ ነይልኝ» ብላት ነበር። ይኼው ነው። ሜሬዲት ስትደርስ ልጅቷ ወጥ ቤት ወለል ላይ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ራሷ ላይ ጉዳት አላደረሰችም። ልታደርስ እንደነበር ግን ለእናቷ ነገረቻት።

ኬልቪን ግሬደሩን መንገድ ዳር ጥሎት በአንዱ ገበሬ መኪና ነው የደረሰው። በባሕሩ ጠረፍ ወዳለው ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት። የአእምሮ ህክምናው አልጋ ሞልቶ ስለነበር ድንገተኛ ክፍል ጥግ ላይ ሁለት ቀን ቆዩ። ሜሬዲት የልጇን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። ኬልቪን ቆሟል። ወንበር ሲያመጡለት ያመሰግንና መልሶ ይቆማል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ወጣት ሐኪም የክሊኒኩን ማስታወሻ ይዞ መጣ። ትሕትና ያለው ልጅ ነው። ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ፣ በነሐሴ ሁሉ ነገር ደህና እንደነበረ፣ በመጠይቁ ላይ ምንም ምልክት እንደሌለ፣ በመካከል ድንገት የደረሰባት ነገር ካለ ጠየቃቸው። ሜሬዲት፣ ለእሷም እንቆቅልሽ እንደሆነ ልትነግረው ጀመረች።

«ደህና አልነበረችም» አለ ኬልቪን።

ሁለቱም ዞረው አዩት።

«ውሸት ነው የሞላችው። ስትሞላ አይቻለሁ። ያኔም አልጋ ላይ ነበረች። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።»

ኦድሪ አልተኛችም ነበር። ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዞረች። ቢሰድቡት፣ ቢቆጡት ይሻለው ነበር፤ ሐኪሙ ግን ጻፈውና «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ።

ዶክተር ሩዋኒ በማግስቱ ራሳቸው ደወሉ። ኬልቪን ስልኩን ይዞ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ። በመጠይቅ ቁጥር ምክንያት የማንንም መድኃኒት አቁመው እንደማያውቁ፣ እንደማያቆሙም፣ እንዲህ መፍራቷን አለማወቃቸው እንዳሳዘናቸው ነገሩት። ኬልቪን ለወራት ሲያብሰለስለው የነበረውን ጠየቃቸው።

«መድኃኒቱ ነው ወይስ አይደለም?»

«አይመስለኝም። ግን አይደለም ብዬ ልምልልዎ አልችልም። አንዳንዶቹ ልጆቻችን ስሜታቸው ይሻሻላል፣ እንደተሻሻለም ይቆያል። አንዳንዶቹ ምንም ለውጥ አያሳዩም። የኦድሪ ከመጀመሪያውም ሌላ ድብርት ሳይኖርባት አልቀረም፤ ከእፎይታው ሥር ተደብቆ የቆየ። የቱ ከየት እንደመጣ ለይቼ ልነግርዎ ብችል ደስ ባለኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«አብረዋት ይሁኑ።»

«አብሬያት ነበርኩ።»

ዶክተሯ የሌላቸውን መልስ አልፈለሰፉም።

ያን ምሽት ግሌኒስ ሰምታ ደወለች። «አሁንስ አመንክ?» አለችው ገና «ሃሎ» ሳይል።

«ምኑን ነው የማምነው?»

«ያ መድኃኒት ምን እንዳደረገው!»

«ምን እንዳደረጋት። ግሌኒስ፣ ስሟ የእማማ ስም ነው። አንድ ጊዜ ጥሪውና አንቺ ያልሽውን ሁሉ ተቀምጬ እሰማሻለሁ።»

ግሌኒስ ስሙን አልጠራችውም። ስልኩን ዘጋው። ፓውላም ደወለች፤ አለቀሰችለት፣ ምግብ ሠርቼ ልላክ አለችው። ግን መጨረሻ ላይ፣ በጣም እየተሳቀቀች፣ ጋዜጠኛ ቢደውል ምን እንደሚል ጠየቀችው። በዚችኛዋ ሊቆጣ አልቻለም፤ የራሷ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። «ማንም አልደወለም፣ ፓውላ» ብቻ አላት።

ኦድሪ አዴሌድ ውስጥ አራት ሳምንት ተኝታ ታከመች። ሆርሞኑ አልተቋረጠም፤ የድብርት መድኃኒት ተጨመረበት። ኬልቪን በሠላሳ አንድ ዓመት የተጠራቀመለትን የረጅም አገልግሎት ፈቃድ አወጣ፤ አሥራ ሦስት ሳምንት። ጓደኞቹ በዚያ ፈቃድ መኪናውን ጭኖ ሰሜን ድረስ ዓሣ ሊያጠምድ እንደሚሄድ ያውቁ ነበር፤ ካርታው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ነው። ፈቃዱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ ጨረሰው።

ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ስድስት ሳምንት አላናገረችውም። የምትፈልገውን ለእናቷ ትነግራለች፤ እሱ ክፍሉ ሲገባ ንግግሯን ታቆማለች። ሻይዋን ያደርሳል። በሩን ሁለቴ ያንኳኳል፣ መልስ የለም፣ ግን ስትገላበጥ የአልጋውን ድምፅ ይሰማል፤ ያንን ሰምቶ ይሄዳል። ሜሬዲትም ዝም ስላለበት ጊዜ አንድ ቀን ብቻ አነሳችበት። ልብስ እያጣጠፈች፣ «ለኔ እንኳ፣ ኬል?» አለችው። ኬልቪን የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘላት።

በሰባተኛው ሳምንት ኦድሪ ወጥ ቤት ገባች፤ እሱ ብቻውን ነበር። ማቀዝቀዣውን ከፍታ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አሁን የምሞላውን ነገር ሁሉ አያምኑኝም። ደህና ነኝ ስል አያምኑም፣ ከፍቶኛል ስል መድኃኒቱ ነው ወይ ይላሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለተኛ ቢሆን ትነግራቸዋለህ?»

ኬልቪን አሰበ። «መጀመሪያውኑ እነግራቸው ነበር» አላት። «ያኔውኑ። አንቺም ያኔውኑ ትጠይኝ ነበር።»

ኦድሪ አየችው። ይቅርታም አላለችው፣ አልሄደችምም። ትንሽ ቆይታ፣ ወተት አልቋል ብላው ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እሱም ወተት ሊገዛ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ለተራኪ አይመችም፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ሁለት ሳምንት ተነስታ ውሾቹን ይዛ እስከ እህል ጎተራዎቹ ትሄዳለች፤ ቀጣዩን ሳምንት መጋረጃው አይከፈትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ስለሆነ የወጣቶቹ ክሊኒክ ወደ አዋቂዎቹ አስተላለፋት፤ እዚያ የአእምሮ ሐኪም ለማየት ወረፋው አሥር ወር ነው። ኬልቪን ይህን የሚናገረውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ተሳስቼ እንዳይሆን ብሎ ለሜሬዲት ሰጣት። አልተሳሳተም።

ፈቃዱ አንድ ሰኞ አለቀ። የሥራ ልብሱን ለብሶ በሯ ላይ ቆመ። ነቅታለች፤ ጣሪያውን ታያለች።

«ዛሬ ሥራ እገባለሁ።»

«ሂድ፣ አባዬ።»

«ትበያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እናትሽ በስድስት ሰዓት ትመጣለች።»

«አውቃለሁ። ሂድ።»

ሄደ። በምክር ቤቱ ጋራዥ የሥራ ባልደረቦቹ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ አንዱ ሻይ ቀዳለት፤ ስለ ልጁ ማንም አልጠየቀውም። የሥራ ዝርዝሩን ተቀበለ፤ ከከተማው በስተደቡብ ያሉት ሦስት መንገዶች ናቸው፣ ከመከሩ ወዲህ ማንም አልነካቸውም። አራት ሰዓት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ደወለላት። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«አለሁ» አለችው።

«እሺ» አላት።

ስልኩን ግን ማንኛቸውም አልዘጉትም። እስትንፋሷን ይሰማል፤ እሷ ምን እንደምትሰማ አላወቀም፤ ነፋሱን ይሆናል። አለቃው በሬዲዮ መጥራት እስኪጀምር ድረስ እንደዚያው መንገዱ መሀል ቆሞ ቆየ።